አንባቢ ሁለተኛውን ቅጽ ፈልጎ እንዲመጣ፦ ተከታታይ ፋንታሲ ልቦለድና ገጸ ባሕርያቱን የመሥራት መመሪያ

ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት የሚጽፉ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ «የመጀመሪያውን ቅጽ ጨርሻለሁ። ዓለሙ አለ፣ ምትሃቱ አለ፣ ጦርነቱም አለ። ያነበቡልኝ ሰዎች ግን ‹ጥሩ ነው› ብለው ዝም ይላሉ። ከዚያስ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ምን ጎደለው?»

አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ዕዳ ነው። አንባቢ በምትሃቱ ተስቦ መጽሐፉን ይከፍታል። ሁለተኛውን ቅጽ ፈልጎ የሚመጣው ግን የወደደው ሰው ያልከፈለው ነገር ስላለ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚሠሩት በዕዳ ላይ ነው፤ ምትሃቱ፣ ወዳጅነቱ፣ ጠላትነቱ፣ የቅጾቹም አከፋፈል። ምሳሌው ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፦ ትርንጎ የምትባል፣ ጉም በእንዝርት የምትፈትል የ14 ዓመት ልጅ፤ ታሪኳ በ3 ቅጽ የታቀደ። ምሳሌውን ትታችሁ አሠራሩን ውሰዱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ 2። አንዱ ለረቂቅ፣ ሌላው ለመዝገብ። ሁለቱን በአንድ ደብተር አትቀላቅሉ፤ መዝገቡን ሦስተኛው ቅጽ ላይ ስትደርሱም ትፈልጉታላችሁ።
• 10 ኤፎር ወረቀት። እያንዳንዱ ለ4 ሲቆረጥ 40 ካርድ ይወጣዋል።
• ለመልክዐ ምድሩ አንድ ሰፊ ወረቀት። ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባው ይበቃል።
• የዘንድሮ የግድግዳ ካላንደር፣ የእኛው አቆጣጠር።
• እርሳስ፣ ላጲስ፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ።
• ድምፅ የሚቀዳ ስልክ።
• 3 አንባቢዎች። ቢያንስ አንዱ ፋንታሲ የማያነብ ይሁን። የቤተሰብ ሰው አትጨምሩ፤ የሚያነበው እናንተን እንጂ ጽሑፉን አይደለም።

ደረጃ 1። ለዋናው ገጸ ባሕርይ ሦስት መስመር ጻፉ

በአንድ ካርድ ላይ፣ ከሦስት መስመር ሳታልፉ፦

ትፈልጋለች፦ በሩን (ከደጋ ወደ ቆላ የሚያወርደውን የተራራ መተላለፊያ) አልፋ ቆላ ወርዳ የቀረችውን እናቷን ማግኘት።
ይጎድላታል፦ ሰው መለመን አይሆንላትም። «እባክህ» የሚል ቃል ካፏ አይወጣም።
አለባት፦ እናቷ ስትሄድ ታናሽ ወንድሟን ካሳን አደራ ሰጥታታለች።

ፍላጎቱ ከቤት ያስወጣታል። ጉድለቷ መንገድ ላይ ያስሸንፋታል። አደራው ደግሞ ተሸንፋም እንዳትመለስ ይይዛታል። ጀማሪዎች ሁለቱን ጽፈው ሦስተኛውን የሚተዉት በጣም ብዙ ጊዜ ነው፤ ታሪኩም ወገቡ ላይ የሚደክመው በዚሁ ምክንያት ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሦስተኛውን መስመር በጣታችሁ ሸፍኑና «ምዕራፍ 3 ላይ ነገሩን ትታ ቤቷ ብትገባ ምን ታጣለች?» ብላችሁ ጠይቁ። «ምንም» ከሆነ መልሱ፣ አንባቢውም መጽሐፉን ዘግቶ ቢተኛ የሚያጣው የለም።

የተለመደ ስሕተት፦ ፍላጎቱን «ዓለምን ማዳን» ማድረግ። በመጀመሪያው ምዕራፍ አንባቢው ዓለማችሁን አያውቀውም፤ ቢጠፋም አያለቅስለትም። ብርድ ላይ ቆሞ እህቱን የሚጠብቀውን ካሳን ግን በሁለት ገጽ ሊያውቀው ይችላል። ዓለሙ አደጋ ላይ ይውደቅ ካላችሁ፣ አደጋው በካሳ በኩል ይግባ።

ደረጃ 2። ችግሯን ከማሳየታችሁ በፊት ሙያዋን አሳዩ

በመጀመሪያዎቹ 300 ቃላት ውስጥ ገጸ ባሕርይዋ አንድ ነገር በደንብ ስትሠራ ትታይ። ትርንጎ እንዝርቷን በጭኗ ላይ አሹራ ስትለቅ፣ የጉሙን ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛ ስታቀጥን፣ ክሩ ሊበጠስ ሲል ትንፋሿን ስትይዝ። የበግ ጸጉር ስትፈትል የኖረች የመንዝ ሴት አንብባ «ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው» ካላለች ገጹ ገና ነው። የምትጽፉትን ሙያ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ሄዳችሁ እጁን እያያችሁ መዝግቡ፤ ለዚህ አንድ ጠዋት ይበቃል።

ሙያው የሚቀድምበት ምክንያት አለው። ገና ላላወቀው ሰው አንባቢ አያዝንም፤ እጁ ሥራ የሚያውቅን ሰው ግን ወዲያው ያከብራል፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ለማየትም ይከተለዋል። ኀዘኑ ከዚያ በኋላ ሲመጣ ይጎዳል።

የተለመደ ስሕተት፦ መጽሐፉን በመልክ ዝርዝር ወይም በሺህ ዓመት ታሪክ መጀመር። የነገሥታቱን የዘር ሐረግ ቢያንስ እስከ ምዕራፍ 4 አቆዩት፤ ሲመጣም አንድ ሰው ርስት ሲከራከርበት ይምጣ።

ደረጃ 3። የምትሃቱን ሕግ በአንድ ገጽ ወስኑ

በመዝገቡ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ አራት መልስ ጻፉ።

ማን ይችላል? በውርጭ ሌሊት የተወለደ።
በምንና መቼ? በጥድ እንዝርት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 2 ሰዓት፣ ጉሙ ቆሞ ሳለ።
ምን ያስከፍላል? አንድ ልቃቂት ክር በወጣ ቁጥር አንድ ጣት ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ወዲያ እሳትም ፀሐይም አያሞቀውም።
ምን አይችልም? ጢስ አይፈተልም። የተፈተለው ክር እሳት ፊት አይቆምም። የተበጠሰ አይቀጠልም።

ከአራቱ ሁሉ አብልጣችሁ ልታስቡበት የሚገባው ዋጋው ነው። ጥሩ ዋጋ ሦስት ነገር ያሟላል፦ በዓይን ይታያል፣ ተከፍሎ አይመለስም፣ ምትሃቱን ራሱን ይጎዳል። የቀዘቀዘ ጣት ክር አይዳስስም፤ ስለዚህ ትርንጎ በፈተለች ቁጥር ፈታይነቷ ይቀንሳል። ጣት ደግሞ 10 ብቻ ነው። ለ3 ቅጽ ስታካፍሉት በመጀመሪያው 3፣ በሁለተኛው 3፣ በመጨረሻው 4 ይደርሳል። አንባቢው ሳትነግሩት ራሱ መቁጠር ይጀምራል። ሰባተኛው ጣት ላይ ሲደርስ ገጹን የሚገልጠው እየፈራ ነው፤ ተከታታይ መጽሐፍ ከአንባቢው የሚፈልገውም ይህንን ፍርሃት ነው። «በጣም ደከማት» የሚል ዋጋ ይህን ሊሠራ አይችልም፤ ድካም ተኝቶ በመነሣት ያልፋል።

የተለመደ ስሕተት፦ መጨረሻው ውጊያ ላይ ያልተነገረ አዲስ ኃይል ማውጣት። ከወደዳችሁት አትሰርዙት፤ ወደ ኋላ ሂዱና ቢያንስ በሁለት ቦታ አስቀድማችሁ አሳዩት፤ ከሁለቱ በአንዱ ሳይሳካ ይቅር።

ማስጠንቀቂያ፦ ታቦትን፣ ጸበልን፣ የጸሎት ቃልን፣ የመስጊድና የመቃብር ሥርዓትን እንደ ጦር መሣሪያ አትጠቀሙባቸው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሚያነቧችሁ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ናቸው፤ የሚያምኑበት ነገር መጫወቻ ሲሆን መጽሐፉን ዘግተው ያስቀምጡታል፣ ልክም ናቸው። የራሳችሁን ሥርዓት ፍጠሩ።

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ፦ የቡዳ ወሬ። «ቀጥቃጩ ሌሊት ጅብ ይሆናል» የሚለው ተረት ብረት ቀጥቃጮችን፣ ሸክላ ሠሪዎችንና ሸማኔዎችን በገዛ አገራቸው ሲያስንቅና ሲያስገልል ኖሯል። በልቦለዳችሁ አንድን የእጅ ሙያ በሙሉ በክፉ ዘር አትፈርጁ። ሐሜቱ በታሪካችሁ ይኑር ካላችሁ፣ የሚታማውን ሰው ከውስጥ አሳዩት።

ደረጃ 4። መልክዐ ምድሩን በቁመት ሣሉ

ብዙ ጸሐፊ ካርታውን ከላይ ወደ ታች እንዳየ አድርጎ ይሥላል። ለእኛ አገር መሬት ይህ አይበቃም። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ። በመኪና እንኳ በአጭር ጉዞ ካፖርቱ ወልቆ፣ ጉሙ ተገፍፎ ሙቀት ይመጣል። ሰፊውን ወረቀት በአግድም አስቀምጡና ገደሉን ከጎን ሣሉት፤ ከዚያ ሦስት መስመር አስምሩበት፦ ውርጭ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። በእያንዳንዱ ላይ የሚበላውን፣ የሚለበሰውንና የሚፈራውን ጻፉ። ላይ ገብስ፣ በርኖስ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማሳ የሚያቃጥል ውርጭ። ታች ማሽላ፣ ስስ ሽርጥ፣ ወባ።

ቁመቱ ሴራ ይሰጣችኋል። የላዩ ሰው ጨው የለውም፣ የታቹ ሰው ሱፍ የለውም፤ መሐል ላይ ገበያ ይቆማል፣ በገበያው በር ላይ ኬላ ይቆማል፣ በኬላው ቀረጥ የሚሰበስብ ሰው ይቀመጣል። ጠላታችሁን አገኛችሁት ማለት ነው። ከአንኮበር በታች ያለው አልዩ አምባ የሐረር ሲራራ ነጋዴ የሚራገፍበት ገበያ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። እናንተም የቦታውን ስም ሳይሆን ምክንያቱን ውሰዱ።

የጉዞ ልክ ያዙ። የተጫነ በቅሎ በደህና መንገድ በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው፤ ገደል ላይ ከዚያ በጣም ያንሳል። ሠራዊት ከተራራ ጫፍ ተነሥቶ በአንድ ሌሊት በረሃ ከደረሰባችሁ፣ እግሩ መንገድ የሚያውቅ አንባቢ እዚያው ያቆማል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ረቂቅ የሚወድቅበት ስለሆነ። ከውጭ ልቦለድ የተቀዳው «የጠፋው አልጋ ወራሽ» በርስት አገር አይሠራም። በመንዝ የርስት ሥርዓት ከአቅኚው አባት የተወለደ ሁሉ፣ በእናቱም በአባቱም በኩል፣ ይገባኛል ማለት ይችል ነበር። ወራሹ አንድ የተደበቀ ልጅ ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ነው። ስለዚህ ግጭቱን «እውነተኛው ወራሽ ማን ነው?» ላይ አታቁሙት፤ «ትውልድ ቆጥሮ ድርሻውን ማስመስከር የሚችል ማን ነው?» ላይ አቁሙት። ይህ በእጃችን ያለ ነው፣ የትኛውም ተርጓሚ አላመጣልንም።

ደረጃ 5። ሰዎቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ እሰሩ

ከ4 እስከ 6 ዋና ሰው ይበቃል። በምሳሌያችን 5 ናቸው፦ ትርንጎ፣ ወንድሟ ካሳ፣ የቆሎ ተማሪው በለጠ፣ ጨው ነጋዴዋ ፋጡማ፣ የበሩ ሹም ነጋድራስ አጥናፉ። አምስት ሰው 10 ጥንድ ይሰጣል። 10 ካርድ ወስዳችሁ በእያንዳንዱ ላይ «ማን ለማን ምን አለበት?» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ። «ካሳ ለበለጠ፦ ካሳን ውሻ ሊበላው ሲል በለጠ በደበሎው ሸፍኖ አድኖታል፤ ካሳ ግን ፈርቶ ደበሎውን ጥሎበት ሮጧል» ያህል ይበቃል። ከ10 ካርድ 3 ወይም ከዚያ በላይ ባዶ ከቀሩ፣ አንድ ሰው ትርፍ አለ፤ ወይ አስወጡት ወይ ከሌላው ጋር አዋሕዱት።

ማሰሪያ ለመፈለግ ሩቅ አትሂዱ። አደራ፣ ዋስትና፣ አበልጅነት፣ የጡት ልጅነት፣ የደም ካሳ፣ ሁሉም ሰውን ከሰው ጋር የሚቆልፉ ናቸው። ከሁሉ ለሴራ የሚመቸው ቁራኛ ነው፤ በቀድሞው ዳኝነት ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው እርስ በርስ ተቋጥሮ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው የሚሄዱበት። በመጀመሪያው ቅጽ ትርንጎና አጥናፉ ቁራኛ ሆነው ገደሉን ይውረዱ። የሚጠላሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ኩታ ጫፍ ታስረው አብረው ሲበሉ፣ ሲያድሩ፣ ሲንሸራተቱ ያለ ምንም ምትሃት 5 ምዕራፍ ይሞላሉ። በሁለተኛው ቅጽ ደግሞ ማር በተቀባ ጣት የጡት ልጁ ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ ሊነካት አይችልም፣ እሷም ልትከዳው አትችልም።

የተለመደ ስሕተት፦ አንዱ ቀልደኛ፣ አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ ጥበበኛ ብሎ ጠባይ ማደል። ጠባይ ከዕዳው ይውጣ። በለጠ የሚቀልደው ለምኖ የሚበላ ተማሪ ስለሆነና የሳቀ ሰው ቁራሽ ስለማይነፍግ ነው።

ደረጃ 6። ጠላቱ ልክ ይሁን

ነጋድራስ አጥናፉ በሩ በጉም እንዲሸፈን የሚፈልገው ክፉ ስለሆነ አይደለም። በሩ በተገለጠበት አንድ ቀን ከታች ሠራዊት ወጥቶ ልጁን ገድሎበታል። ትርንጎ በፈተለች ቁጥር ጉሙ ይሳሳል። ስለዚህ አጥናፉ «ተይ» ሲላት እውነቱን ነው፤ እሷም «እናቴ ማዶ ናት» ስትል እውነቷን ነው። የጠላታችሁን ክርክር በአንድ ገጽ በራሱ አፍ ጻፉና ከ3ቱ አንባቢዎች ለአንዱ ብቻ ስጡት። «ይሄ ሰውዬ እኮ ልክ ነው» ካላለ እንደገና ጻፉ።

ደረጃ 7። የአጠራር ሰንጠረዥ አዘጋጁ

ይህ አማርኛ የሰጠን መሣሪያ ነው፣ ግን ብዙ ረቂቅ ላይ ባክኖ አገኘዋለሁ። ማን ማንን አንቱ፣ እርስዎ፣ አንተ፣ አንቺ እንደሚል፣ በምን የዝምድና ቃል እንደሚጠራ በመዝገቡ ጻፉ። ካሳ እህቱን «እትዬ» ይላታል። ትርንጎ ነጋዴዋን «እትዬ ፋጡማ»። ፋጡማ ተማሪውን «አንተ ተሜ»። ትርንጎ ነጋድራሱን መጀመሪያ «አንቱ»፤ የልጁን ሞት በሰማች ሌሊት ዝም፤ እውነቱን የደበቃት መሆኑን ስታውቅ «አንተ»፤ ከማሩ በኋላ «አባዬ»።

ለውጡን በቀይ እስክሪብቶ ጻፉትና የሚከሰትበትን ምዕራፍ ቁጥር አጠገቡ አድርጉ። ለውጡ በመጣበት ቦታ «በጣም ተቆጣች» ብላችሁ አትጨምሩ፤ «አንቱ» ወደ «አንተ» መውረዱ ብቻውን ይበቃል። መዝገብ ካልያዛችሁ ግን በምዕራፍ 6 «አንተ» ያለችው በምዕራፍ 9 ወደ «አንቱ» ይመለስና አንባቢው ታረቁ እንዴ ብሎ ይወዛገባል።

ደረጃ 8። ዕዳውን ለሦስቱ ቅጾች አከፋፍሉ

በመዝገቡ ሁለት ገጽ ፊት ለፊት ክፈቱ። በግራ የተከፈተ ዕዳ፣ በቀኝ የተከፈለበት ቅጽና ምዕራፍ። ደንቡ እንዲህ ነው፦

ሀ. እያንዳንዱ ቅጽ የራሱን ጥያቄ ይዝጋ። የቅጽ 1 ጥያቄ «በሩን ታልፋለች ወይ?» ከሆነ፣ በቅጽ 1 ትለፍ ወይም መቅረቷ ይረጋገጥ።
ለ. ቢያንስ ሁለት የቆየ ዕዳ ክፍት ይደር።
ሐ. አንድ አዲስ ዕዳ ከድሉ ራሱ ይወለድ። በሩን አለፈች፣ ጉሙ ሳሳ፣ መንደሩ ተጋለጠ። አሁን ለመንደሩ ሁሉ አለባት።

ደንብ ሐን አትዝለሉት። በድል ያልተወለደ ሁለተኛ ቅጽ አዲስ ጠላት ከውጭ ማምጣት ይኖርበታል፣ አንባቢውም የመጀመሪያው ልፋት ከንቱ እንደቀረ ይሰማዋል። ቅጹን በመሐል ቆርጦ «ይቀጥላል» ማለትም አይሠራም፤ በቅጽና በቅጽ መካከል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፣ ያልተዘጋ ጥያቄ ደግሞ ይረሳል።

ካላንደሩን አሁን አውጡት። ጳጉሜ በ4 ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ 6 ቀን ትሆናለች። የታሪካችሁን ትልልቅ ቀኖች በዚህች ቀን ላይ ብትሰቅሉ ትርንጎ በቅጽ 1 የ14፣ በቅጽ 2 የ18፣ በቅጽ 3 የ22 ዓመት ትሆናለች። ዕድሜ ሲጨምር ፍላጎቱም ይለወጣል፤ በ22 ዓመቷ እናቷን የምትፈልገው በ14 ዓመቷ በፈለገችበት ምክንያት አይደለም።

ትንቢት ካስገባችሁ ሰምና ወርቅ አድርጉት። «በሦስተኛዋ ጳጉሜ ስድስት ጉም ፈታይዋ በበሩ እጅ ትሰጣለች።» በቅጽ 1 ሁሉም መሸነፏን ይሰማል፣ አጥናፉም በዚህ ተማምኖ ይጠብቃል። በቅጽ 3 አሥረኛው ጣት ሲቀዘቅዝ ወርቁ ይወጣል። ወርቁን አስቀድማችሁ ሳትወስኑ ሰሙን አትጻፉ፤ በኋላ የተለጠፈ ፍቺ ያስታውቃል።

ደረጃ 9። አስነብቡና የሚከተለውን ጠይቁ

የመጀመሪያዎቹን 3 ምዕራፎች ስጡ። «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ይሉኝታ አለው፣ ወደድኩት ይላችኋል። አራት ጥያቄ ብቻ፦ የት ላይ አስቀመጥከው? ማን ለማን ምን አለበት? ትርንጎ ስንት ጣት ቀራት? ቀጥሎ ምን ትከፍላለች ብለህ ትፈራለህ?

ከሦስቱ ሁለቱ ሁለተኛውን ጥያቄ ካልመለሱ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። ሦስተኛውን ካልመለሱ ዋጋው በጎላ ቦታ አልታየም፤ ደረጃ 3። አራተኛውን ካልመለሱ ገጸ ባሕርይዋን ገና አልወደዷትም፣ ያ ብዙ ጊዜ የደረጃ 2 ጉድለት ነው። ሦስቱም ያስቀመጡት አንድ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ያን ገጽ ከማረም ይልቅ ከሱ በፊት ያሉትን ሁለት ገጾች ተመልከቱ፤ ድካሙ የጀመረው እዚያ ነው።

ከዚያ አንድ ምዕራፍ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በስልክ ቅዱና በማግስቱ ስሙት። ትንፋሽ ያጠራችሁበት ዓረፍተ ነገር ይቆረጥ። የማን ንግግር እንደሆነ ስሙ ሳይጠራ ያልለያችሁት ገጸ ባሕርይ ካለ፣ ሰንጠረዡን አውጥታችሁ አጠራሩን እንደገና ሥሩለት።

ቅጽ 2ን ከመጀመራችሁ በፊት መዝገቡን ከመጀመሪያ ገጹ አንብቡት፦ የቀዘቀዙት ጣቶች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ግራ ይሁኑ ቀኝ፣ ማን ማንን አንተ እንዳለ፣ በግራ ገጽ ክፍት ያደረው ዕዳ የትኛው እንደሆነ። የቅጽ 2 የመጀመሪያ ምዕራፍ ከክፍቶቹ ዕዳዎች አንዱን በስሙ ጠርቶ ይጀምር፤ ባለዕዳው በር ላይ ቆሞ ይጠይቅ።